ማይክሮፎን ከመሰንቆ ምን ያህል ይራቅ?



ከዚህ በታች የምታነቡት በራዲዮ ያሰማሁት ንግግር ነው። በራዲዮ ስናገር ጥቂት የመሰንቆና የበገና ድምፅ ጣልቃ አስገብቼ ስለ ነበር ነገሩን ለማስረዳት ብዙ አልደከምሁም፤ ጋዜጣ ግን ድምፅ የለውምና በጆሮ ያለፈውን በቃል ለመተካት አንዳንድ ነገር ጨምሬበታለሁ። በርእሱ የሚደነቅ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ማይክሮፎን የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ የመካኒኮች ጉዳይ እንጂ የታሪክ ጉዳይ አይመስልም። እኔም ወደ ራዲዮ ሥራ በገባሁ ጊዜ የነበረኝ አሳብ ይኸው ነበር።

ከሥራ በኋላ ወደ ጎፋ፥ ወደ መካኒሳ ወይም ወደ ላፍቶ የምትሳፈሩ ሁሉ የንፋስ ስልክን ስም ዘወትር ትጠሩታላችሁ። ስሙ ግን ከየት እንደ መጣ የሚያስብ ጥቂት ነው። በዚያ አካባቢ ያለ ሽቦ ቃል የሚያስተላልፍ የራዲዮ ጣቢያ ነበረ፤ ስልክን በሽቦው ያወቀው ሕዝብ ሽቦ የሌለውን «ንፋስ ስልክ» አለው። ስሙም ከጣቢያው ወደ ሰፈሩ፥ ከሰፈሩም ወደ ክፍለ ከተማው ተላለፈ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ወሰን ሊያልፍ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በራዲዮ ለዓለም ሕዝብ ንግግር አደረጉ። እንዲህ ላለው ንግግር የማይክሮፎኑ ሥፍራ አያከራክርም። ተናጋሪው አንድ ነው፤ ቃሉም ከአፉ ይወጣል፤ ስለዚህ ማይክሮፎኑ በአፉ ፊት ይቆማል። የእኛም የራዲዮ ሰዎች ልማድ ከዚህ የተወለደ ነው፤ ችግሩ የተነሣው ይህንኑ ልማድ ሳንመረምር ወደ ዘፈን ያሻገርነው ጊዜ ነው።

ድምፅ የሚቀርጸው መኪና ግን ወደ አገራችን የገባው ከራዲዮ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክ የወዳጅነት ቃላቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ላኩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ በዚያው ዓይነት መኪና መልሳቸውን ሰጡ። የንግሥቲቱ ቃል የተቀረጸበት የሰም ጥቅል ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተደርጓል፤ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አለ። ሰምና ወርቅን በቅኔ የምናውቅ ሕዝብ የንጉሣችንን ድምፅ በእውነተኛ ሰም ላይ ማግኘታችን ደስ ያሰኘኛል። ይሁንና በእጃችን የቀረው መልሱ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ከዚያ ቀጥሎ፥ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ፥ ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀዱ። ከኢትዮጵያ ዜማ በሸክላ የወጣው የመጀመሪያው ይህ ሲሆን፥ ከመቶ ዓመት በኋላም «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት 27ኛው ቅጽ ሆኖ እንደገና ወጥቷል። በዚያ ዘመን ሸክላ የሚቀረጸው ያለ ኤሌክትሪክ ነበር። ዘፋኙ በአንድ ሰፊ ጥሩምባ አፍ ፊት ይቆማል፤ ጥሩምባው ድምፁን ሰብስቦ ወደ አንድ ስስ ሽፋን ያደርሰዋል፤ ሽፋኑም ሲንቀጠቀጥ መርፌው በሰሙ ላይ ይጭራል። መርፌውን የሚገፋው ኃይል የዘፋኙ የገዛ ትንፋሽ ስለ ሆነ፥ ከጥሩምባው አንድ እርምጃ የራቀ ሁሉ እንደሌለ ይቆጠራል። እጅግ ወፍራሙና እጅግ ቀጭኑ ድምፅም ይቀራል። ደግሞም የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበርና፥ እንግዳው እስኪበተን የሚዘልቀው የአዝማሪ ጨዋታ በዚያ ልክ ተቆረጠ። ሦስት ደቂቃ! በእኛ አገር አዝማሪ መሰንቆውን ቃኝቶ የቤቱን ጌታ እስኪያወድስ እንኳ አይበቃውም።

እ.ኤ.አ. በ1925 ሸክላ በኤሌክትሪክ መቀረጽ ሲጀምር ማይክሮፎን በጥሩምባው ፈንታ ገባ። ያን ጊዜ የርቀት ጉዳይ ከግዴታ ወደ ምርጫ ተለወጠ፤ ታሪኩም በእውነቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጥሩምባ ከሩቅ መስማት አይችልም ነበር፤ ማይክሮፎን ግን ይችላል። ስለዚህ ባለ ማይክሮፎኑ ማን እንዲሰማና ማን እንዳይሰማ የሚወስን ሰው ሆነ።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። በገላጣ ሥፍራ ከድምፁ ምንጭ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ ግፊት በግማሽ ይቀንሳል፤ ባለሙያዎቹ ይህን 6 ዴሲቤል ይሉታል። በቤት ውስጥ ግን ከግድግዳና ከጣሪያ እየተመለሰ የሚመጣው ድምፅ በየትኛውም ማዕዘን ያው ነው ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ማይክሮፎኑን ስታቀርቡት መሣሪያውን ትሰማላችሁ፤ ስታርቁት ቤቱን ትሰማላችሁ። በዚህ ላይ አቅጣጫ የሚመርጠው ዓይነት ማይክሮፎን ወደ አፍ እጅግ በቀረበ መጠን ወፍራሙን ድምፅ ያለ ልክ ያበዛዋል፤ አንዳንድ ተናጋሪ በራዲዮ ከተፈጥሮው ይልቅ ግርማ ያለው መስሎ የሚሰማው ስለዚህ ነው። (ስለ ራሴ አልናገርም።)

የአገራችን የዜማ መሣሪያዎች ደግሞ ለአንድ ርቀት አይገዙም። መሰንቆ ድምፁን የሚያወጣው ከቆዳው ላይ ነው። ማይክሮፎኑ ከቆዳው ፊት በአንድ ስንዝር ቢቆም የሚሰማው ዜማው ሳይሆን የደጋኑ ፍትግታ ነው፤ ሁለት ክንድ ያህል ቢርቅና በተጫዋቹ ደረትና አፍ መካከል ወዳለው ቁመት ቢያመለክት ግን ፍትግታውና ዜማው ይስማማሉ። ዋሽንትን በቀጥታ ከአፉ ፊት የሚቀዳ ሰው ነፋስ ቀድቶ ይመለሳል፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ይገባዋል። ከበሮ ራሱን ይችላል፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው መራቅ ብቻ ነው።

በገና የተለየ ነው። አሥር አውታር አለው፤ አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት ዘንድ በእያንዳንዱ አውታር ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ ያ ልብን የሚያርድ ንዝረት የሚመጣው ከእርስዋ ነው። ባዕድ መሐንዲስ ቢሰማው መኪናው ተበላሸ ብሎ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። የበገናው ድምፅ ዝቅተኛ ነው፤ ደርዳሪውም በለሆሳስ ያዜማል፤ ስለዚህ በሩቅ ካስቀመጣችሁት የምትቀዱት የክፍሉን ዝምታና የውጭውን መኪና ነው። ለበገና መቅረብ ግዴታ ነው፤ ክንድ ያህል ወይም ከዚያ ባነሰ። ቅርበቱም ነገሩን አይጎዳውም፤ በገና የሚደረደረው ለጸሎት ነውና ተሰብስቦ የሚመልስለት ታዳሚ አይሻም። ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1972 ለዩኔስኮ ስብስብ በአሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ በሲንቲያ ኪምበርሊን በተቀዱ ጊዜ በገና ከኢትዮጵያ ውጭ ለብዙ ጆሮ ደረሰ።

የበገናው ደንብ ወደ አዝማሪ ቤት ሲገባ ግን ጥፋት ይሆናል። ይህን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በላፍቶ በአንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ሁለት አዝማሪዎች፥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፥ ሲጫወቱ ለመቅዳት ሄድሁ። ከውጭ የጭነት መኪናው ጩኸት ስለ በዛ ማይክሮፎኑን ከአዝማሪው አፍ ክንድ በማይሞላ ርቀት አቆምሁት፤ በሥራዬም ኮራሁ። እኩለ ሌሊት ሲሆን አንዲት አሮጊት እናት ከማዕዘን ተነሥተው «ተቀበል!» ብለው ሁለት ስንኝ ሰጡት። አዝማሪው የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሁለተኛውን ሳይጨርስ ድንኳኑ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። በማግስቱ ወደ መሥሪያ ቤት ተመልሼ ሳዳምጠው የአዝማሪው ድምፅ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነበር፤ የእናቲቱ ቃል ግን ማጉረምረም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ሳቅ አለ፤ የሳቁ ምክንያት የለም። አብሮን የሚሠራ በዕድሜ የገፋ ባለሙያ ነበረና እስከ መጨረሻው ሰማና፥ «ተቀባዩን ይዘህ ሰጪዋን ትተህ መጣህ» አለኝ። «ጋሼ፥ ጩኸቱ አስቸገረኝ» ብለው፥ «ጩኸቱማ ነበር ሠርጉ» አለኝ።

እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ የምትይዙ ሰዎች ጉዳዩን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የመልሱ ደብዳቤ ግልባጭ በመዝገቡ ውስጥ ገብቶ ማመልከቻው ቢጠፋ፥ ከሃያ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚከፍተው ሰው ስለ ምን እንደ ተጻፈ እንዴት ያውቃል? የአዝማሪ ዘፈን እኮ ገሚሱ መልስ ነው። ግጥሙን የሚሰጠው ታዳሚው ነው፤ አዝማሪው ይቀበለዋል፥ ያስውበዋል፥ አንዳንድ ጊዜም ወርቁን አዙሮ ለሰጪው ይመልሰዋል። ማይክሮፎኑን በአዝማሪው አፍ ላይ የተከለ ሰው ደራሲውን ከታሪክ ፍቆ አንባቢውን ብቻ ያስቀራል። ከዚያም የሚመጣው ትውልድ ቅጂውን ሰምቶ የኢትዮጵያ አዝማሪ ብቻውን የሚዘፍን ሰው ነበር ይላል፤ አይፈረድበትምም፤ የሰጠነው ይህን ነውና።

ያ እናቲቱ የሰጡት ስንኝ ምን እንደ ነበር ለመጠየቅ ከአንድ ወር በኋላ ወደ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፤ ስለ ጉዳዩ ስጠይቃቸው ግን ሳቁ። «እንዲህ ያለው ነገር እኮ ለሰዓቱ ነው ልጄ፤ ማን ይይዘዋል?» አሉኝ። የመጀመሪያውን ስንኝ ግማሽ ያህል አስታወሱ፤ ቤት የሚመታው ቃል ግን ጠፋቸው። ልጆቻቸውም፥ ጎረቤቶቻቸውም ሳቁን እንጂ ቃሉን አላስታወሱም።

ከእኛ ቀድመው በአገራችን የዞሩት የውጭ ተመራማሪዎችም ይኸው ፈተና አግኝቷቸዋል። አሜሪካዊው ሃሮልድ ኩርላንደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቀዳው በፎክዌይስ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1951 ወጣ። በዚያው ዓመት ስቴፋን ኩዴልስኪ የተባለው በትውልዱ የፖላንድ ሰው በስዊስ አገር «ናግራ» የተባለውን በእጅ የሚንጠለጠል የቴፕ መቅጃ ሠራ፤ ቃሉ በፖላንድ ቋንቋ «ይቀዳል» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መቅጃው ወደ ዘፋኙ መንደር መሄድ ቻለ፤ ዘፋኙ ወደ ስቱዲዮ መምጣት አላስፈለገውም። እንግሊዝ አገር ሆነው የሚሠሩት ጂን ጄንኪንስም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ተዘዋውረው ብዙ ዓይነት ዜማ ቀዱ። መንደሩ ሲቀዳ የመንደሩ ጭብጨባና የሕፃናቱ ጫጫታ አብሮ ገባ። አንዳንዱ አድማጭ ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት እርሱ ነው።

መራቅም ቢሆን የራሱ ዋጋ አለው። በመካኒሳ ወይም በጀሞ መንገድ ዳር በተተከለ ድንኳን ማይክሮፎኑን አምስት ክንድ አርቃችሁ ብታቆሙ ከአዝማሪው ይልቅ የጄነሬተሩን ድምፅ ታገኛላችሁ። ስለዚህ መፍትሔው አንዱን ትቶ ሌላውን መያዝ አይደለም። አንድ ማይክሮፎን ለአዝማሪው፥ ሌላ ለታዳሚው ይቀመጥ። የቆየ ደንብ አለ፤ በሁለቱ ማይክሮፎኖች መካከል ያለው ርቀት ማይክሮፎኑ ከሚቀዳው ሰው ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ አለዚያ አንዱ ድምፅ በሁለቱም በተለያየ ጊዜ እየገባ ዜማውን ያኮስሰዋል። ታዳሚውን በጎንና በጎን ለይቶ ለመስማት የሚሻ ሰው የፈረንሳይ መንግሥት ራዲዮ መሐንዲሶች ያወጡትን ዘዴ ይከተል፤ ሁለት ማይክሮፎኖች በ17 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው በ110 ዲግሪ ይከፈታሉ። 17 ሳንቲ ሜትር በሰው ሁለት ጆሮዎች መካከል ካለው ርቀት ጋር ተቀራራቢ ነው።

ዛሬ ቴፑ ቀርቶ መቅጃው በኪስ የሚገባ ሆኗል፤ ሁለቱ ማይክሮፎኖችም ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ተተክለው ይመጣሉ። ቢሆንም የት ይቀመጥ የሚለውን መኪናው አይመልስም።

ባለፈው ዓመት እንደገና ወደ ላፍቶ ተጠራሁ። አንዱን ማይክሮፎን ከመሰንቆው ሁለት ክንድ አርቄ፥ ሌላውን አረጋውያኑ በተቀመጡበት ማዕዘን በድንኳኑ ምሰሶ ላይ አሰርሁት። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ በትሪ መታው፤ አንድ ሕፃንም ጠጋ ብሎ ስሙን ነገረው። ሁሉንም ትቼዋለሁ። በዚያች ሌሊት 11 ጊዜ «ተቀበል» ተብሏል፤ 10ሩ ከነሙሉ ስንኛቸው ይሰማሉ። 11ኛው በእልልታ ተውጧል። በቅጂው መዝገብ ላይ፥ ቀድሞ የአዝማሪው ስም ብቻ ይጻፍ በነበረበት መስመር፥ ስንኝ የሰጡትን ሰዎች በየተራቸው፥ የተቀመጡበትንም ማዕዘን ጭምር፥ አስገባሁ። ለዚህ የሚሆን ዓምድ በቅጹ ላይ ስላልነበረ በጎን በእርሳስ አሰመርሁት።