ከፍች በኋላ ቀለብ አለ ወይ?

ባለፈው ሳምንት ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን ስንጨቃጨቅ አንዱ ጓደኛችን፣ «ሚስቱን የፈታ ባል ሌላ እስክታገባ ድረስ በየወሩ ቀለብ ይቆርጥላታል፤ ሕግ ነው!» አለን። የየትኛው አገር? ብንለው ለካስ ከፊልም ያገኘው ኖሯል። ሳቅንበት፤ ግን ነገሩ አላስተኛንምና ወደ ኋላ ሄደን አየነው።

በቀድሞው ዘመን ጋብቻው ራሱ ብዙ ዓይነት ነበር። ቁርባን ፍች የለውም ይባል ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ሲፋቱ በሽማግሌ ፊት ንብረት ይካፈላሉ። ሦስተኛዋ የደመወዝ ሚስት ነች፤ ነጋዴውና ወታደሩ በደረሰበት አገር በወር ወይም በዓመት ተዋውሎ የሚይዛት። ሲለያዩ የተዋዋለችውን ትቀበላለች፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ማን አስታውሷት!

የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የሚገርመው፣ ያኔ በአገራቸው ጥፋት የሌለባት ፈት ቀለብ ሊፈረድላት ይችል ነበር። ለእኛ በረቀቀው ሕግ ግን ይህ የለም። የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ጥፋተኛውን ከጋራው ሀብት ድርሻውን አሳንሰው ይቀጡታል እንጂ የወር ተቆራጭ አያዙበትም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በእኛዋ ድሬዳዋ ይሠራል። ፍችን የመወሰኑን ሥልጣን ከሽማግሌ ወደ ፍርድ ቤት አዞረ፤ ለመፋታት የግድ ጥፋት መቁጠርም ቀረ። ክርክሩ እስኪያልቅ ፍርድ ቤቱ ስለ መተዳደሪያ ያዛል፣ የጋራው ሀብት እኩል ይካፈላል፣ ልጆች ቀለብ አላቸው። ለፍቹ ምክንያት የሆነው ወገን ለተጎዳው ካሣ እንዲከፍል፣ ፍትሕ ካስገደደ ሊታዘዝ ይችላል። ለዓመታት የሚዘልቅ የሚስት ቀለብ ግን አሁንም የለም። ባልና ሚስት ሁለቱም ፈቅደው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢሄዱም፣ ባል ሊመልሳት በሚችልበት ፍች የሚስት ነፈቃ ዒዳዋ እስኪያልቅ ነው።

እንግዲህ እንበል፣ አንዲት ሴት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለባቡር ሠራተኛ ባሏ ስንቅ ስትቋጥር ኖራለች። ያፈሩት በኪራይ ቤት ያለ አልጋና ቁም ሣጥን ነው። የአልጋ እኩሌታ ስንት ያወጣል? እሱ ደመወዙንና ጡረታውን ይዞ ይሄዳል። እሷ ደግሞ በሃምሳ ዓመቷ መጋላ ወርዳ ምን ትቸርችር?

ከመካከላችን እህቶቻችን፣ «የፈታሽን ሰው እጅ ማየት ምኑ ነፃነት ነው?» አሉን። እውነት አላቸው፤ የራሷ ሥራ ላላት። ለዚችኛዋ ግን ክርክሩ እንጀራ አይሆናትም። የካሣው አንቀጽም ቢሆን ጥፋቱ የእሱ ነው ካልተባለ አይደርስላትም፤ ጥፋተኛ የሌለው ፍች ደግሞ ሞልቷል።

ያ ጓደኛችን አሁንም፣ «ታዲያ ሕጉ መኖር አልነበረበትም?» ይለናል። በዚህኛው አልሳቅንበትም።