«እርጅና ነው» ስንል የኖርነው

ውድ የነጭ ገዋን ጓደኞቼ፣ ዘንድሮ ስንገናኝ ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን የምናስታምም ሰዎች ሆነናል። ስለዚህ ስለ አረጋውያን ድባቴ ታሪክ ጥቂት ልበል።

መሐል ሜዳ የነበረችው አያቴ የበግ ጠጉር ፈትላ ባና የምታሠራ ሴት ነበረች። አራተኛ ዓመት ሳለሁ ክረምት ላይ ለእረፍት ብሄድ እንዝርቷን አስቀምጣለች። እህል አይበላላትም፣ እንቅልፍ የላትም፣ ለቅሶ መድረስ እንኳ ትታለች። ጎረቤቱ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። እኔም «አዎ፣ እርጅና ነው» ብዬ ተመለስኩ። ደም ግፊቷን እንኳ አልለካሁም።

የሚያሳዝነው፣ ያኔ ነገሩ ተጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ታካሚ አንጎል በሲቲ ስካን ታየ። ኤምአርአይ ሲመጣ ደግሞ በዕድሜ በገፉ ሰዎች አንጎል ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣቦች በግልጽ ይታዩ ጀመር። ደም ግፊት ባለባቸው ላይ ይበዛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ተጎድተው የሚተዉት ጠባሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጆርጅ አሌክሶፖሎስና ባልደረቦቹ ከዚህ ተነስተው አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ስሜትንና ተነሳሽነትን የሚያስተዳድሩ የአንጎል ክፍሎች የሚገናኙበት መስመር ሲጎዳ፣ በስተርጅና የሚጀምር ድባቴ ሊመጣ ይችላል።

ሐሳቡ ዛሬም ያከራክራል። ነጠብጣቡ ድባቴ በሌለባቸው ሽማግሌዎችም ላይ ይታያል፤ ስለዚህ ድባቴን በምስል ብቻ መርምሮ ማወቅ አይቻልም። ግን አንድ ነገር አስተምሮናል፦ የአረጋዊ ሰው መቀዝቀዝ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ የዕድሜ ዕጣ ብቻ አይደለም።

በአገራችንስ? እ.ኤ.አ. በ1998 በቡታጅራ ቤት ለቤት የተጀመረው ትልቁ የአእምሮ ሕመም ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰው አዳርሷል። የምንኮራበት ሥራ ነው። ነገር ግን የተጠየቁት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉት ናቸው፤ አያቴ እዚያ ብትኖር ኖሮ አትቆጠርም ነበር። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ትምህርትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቻችን ለዚሁ ውጭ አገር ይሄዱ ነበር።

አያቴ ከሁለት ዓመት በኋላ በስትሮክ ዐረፈች። ድባቴዋ ከደም ግፊት የመጣ ነው ልል አልችልም፤ ያልለካሁትን ምን ብዬ?

ወጣት ሐኪም ሆናችሁ እንደ መሐል ሜዳ ባለ ቦታ የምትሠሩ፣ ኤምአርአይ እስኪመጣላችሁ አትጠብቁ። ደም ግፊቱን ለኩ። ከዚያ ቁጭ በሉና «እማማ፣ ከወትሮው ምን ምን ተዉ? ደስ የሚልዎት ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ከልጃቸው አፍ ሳይሆን ከእሳቸው ስሙ። ለዚህ መብራትም፣ ማሽንም አያስፈልግም።