ፋይሉ የማን ነው?

እኔ ሊኑክስን ያወቅሁት በኡቡንቱ ሲዲ ነው። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይላክ ነበር፤ ኢንተርኔት በማይገኝበት ዘመን ለጉና ተራራ አካባቢ ሰው ትልቅ ነገር ነበር።

ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ የሊኑክስ ኮምፒውተር ስጠግን አንድ ብልሽት ያሳዝነኛል። መብራት ድንገት ይሄድና ዲስኩ ይጎዳል፤ ባለቤቱ በሪከቨሪ ሞድ ገብቶ ያስተካክላል፣ የግል ፎልደሩንም በሙሉ ከፍላሽ መልሶ ይገለብጣል። ከዚያ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ብልጭ ይልና እንደገና ይጠይቃል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ፎርማት ያስደርጋል፤ የዓመታት ሥራ የሚጠፋው ያኔ ነው።

የነገሩ ሥር ግን ከ50 ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ ዩኒክስን ሲሠሩ አንዱን ማሽን ብዙ ሰው ይጋራው ነበር፤ የፓተንት ክፍል ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ይጽፉበት ነበር። ስለዚህ ፋይል ሁሉ ባለቤት ተደረገለት፤ ባለቤቱም የፈጠረው ተጠቃሚ ነው። ባለቤት የሚቀይረው ቾውን የተባለ ትእዛዝ በኖቬምበር 1971 በወጣው የመጀመሪያ መመሪያ ውስጥ አለ። ጠጋኝ ብቻውን፣ ሙሉ ሥልጣን ይዞ የሚገባበት የሪከቨሪ ሞድ ዓይነት አሠራርም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው።

በሪከቨሪ ሞድ የምንሠራው ሩት የተባለው ባለሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ ሆነን ነው፤ ያኔ የገለበጥነው ሁሉ በሩት ስም ይመዘገባል። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 ተጭኜ በጥቁሩ ስክሪን እገባለሁ። ለምሳሌ ኮምፒውተሩ የአንዲት ተማሪ ከሆነ፣ የፋይሎቹን ዝርዝር ሳወጣ የተማሪዋ ስም ሊኖር በሚገባው ቦታ «ሩት ሩት» ተደርድሯል። ዴስክቶፑም በገዛ ፎልደሯ ውስጥ መጻፍ ስለሚያቅተው ወዲያው ይዘጋል።

አንዳንዱ ፈቃዱን 777 አድርጎ ለሁሉም ይከፍተዋል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የጠፋው ባለቤቱ ነው፣ የሰውን ሰነድ ለማንም መክፈት ምን አመጣው? የሚያስፈልገው ቾውን ነው፣ ያውም በዚያች ተጠቃሚ ፎልደር ላይ ብቻ። መላው ዲስክ ላይ ከተሰጠ ሲስተሙ ራሱ ይበላሻል።

ተጠቃሚዋ የሩትን ሥልጣን ከሚያውሰው ከሱዶ ትእዛዝ ውጭ ራሷ ማስተካከል አትችልም። በመጀመሪያው ዩኒክስ ሰው የራሱን ፋይል ለሌላው ማስተላለፍ ይችል ነበር። በኋላ ግን ሰዎች ፋይላቸውን በሌላ ሰው ስም አዙረው ከዲስክ ኮታ እንዳያመልጡ መብቱ ለሩት ብቻ ሆነ፤ ሊኑክስም ይህንኑ ይከተላል። ስለዚህ እኔ ወደ ሪከቨሪ ሞድ ተመልሼ ቾውኑን እዚያው እጨርሰዋለሁ።