ዘጠናው ቀን ከየት መጣ?

ሰላም ወገኖች፣ እዚህ 31 ሜይ ያላችሁም በሰው አገር የተበተናችሁም።

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «አሜሪካ ያለው ወንድሜ ጥገኝነቱ ውድቅ ሆኖ ይውጣ ተብሏል፤ ፋይሉ እንደገና ይከፈትለት ይሆን?» የታሪክ አስተማሪ ነኝና ከታሪኩ ልጀምር። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 1996 ድረስ «ጉዳዬ ይከፈትልኝ» ለማለት ቁርጥ ያለ የቀን ገደብ አልነበረም። በ1990 ኮንግረሱ ሰዎች በዚህ መንገድ ጊዜ ይገዛሉ ብሎ ሰጋና ገደብ እንዲወጣ አዘዘ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በ1991 ሪፖርት ሲያቀርብ ግን ያን ያህል ማጭበርበር አላገኘም። ማመልከቻው የሚፈቀደው ከስንት አንዴ ነው፤ ማስገባቱም በራሱ መባረርን አያስቆምም። ይህ ተጽፎ እያለ ደንቡ ወጣ! ከጁላይ 1 ቀን 1996 ጀምሮ አንድ ማመልከቻ ብቻ፣ እሱም የመጨረሻው ውሳኔ በተሰጠ በ90 ቀን ውስጥ ሆነ። የቆየ ውሳኔ የነበረባቸው እስከ ሴፕቴምበር 30 ተሰጣቸው። በዚያችው ቀን ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት አዋጅ ገደቡን ሕግ አደረገው።

ቆጠራው ላይ እኛን የሚጥለን ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ወር፣ ጳጉሜን ካልገባችበት፣ ልክ 90 ቀን ነው። በፈረንጁ 92 ሊሆን ይችላል። «ሦስት ወር አለኝ» ያለ ሰው በሁለት ቀን ያመልጠዋል። ደግሞ የሚታየው ወረቀቱ ፖስታ ቤት የገባበት ቀን ሳይሆን ፍርድ ቤት የደረሰበት ነው።

በሌለበት የተወሰነበት ሰው ከአቅም በላይ ምክንያት ካለው 180 ቀን አለው፤ መጥሪያው በሕጉ መሠረት ካልተሰጠው ገደብ የለውም። ለብዙዎቻችን ዋናው ግን ሌላው በር ነው፦ የአገሩ ሁኔታ ከተለወጠ 90 ቀኑ አያግድም።

አገር እንዴት እንደሚለወጥ የሰፈራችን ስም ይናገራል። ሜይ 31 ቀን 1988 የኤስ ኤን ኤም ታጋዮች ሐርጌሳ ገቡ፤ ሕዝቡ ከቦምብ ሸሽቶ ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሐርትሼክ ተሰደደ። በኤፕሪል የታየ የአንድ የሐርጌሳ ሰው ጉዳይ በጁን ሌላ ጉዳይ ነው። የእኛም እንዲሁ፤ ኖቬምበር 2020 ትግራይን፣ ኦገስት 2023 የአማራ ክልሉን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስቡ።

ግን «ጦርነት አለ» ብቻ አይበቃም። ለውጡ ራሱን ሰውየውን የሚነካ፣ ማስረጃውም በችሎቱ ጊዜ ሊገኝ የማይችል የነበረ መሆን አለበት። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱ በ2007 የግል ሁኔታ መለወጥ ይህን በር እንደማይከፍት ወስኗል። ስለዚህ ከውሳኔው በኋላ እዚያው አሜሪካ ፓርቲ መግባት ብቻውን አያድንም።

ማስረጃውን የምንልከው እኛ ነን፤ የቤተሰብ ደብዳቤ፣ የፖሊስ መጥሪያ። እባካችሁ ዓመቱን እዩ። «ኅዳር 2013» የሚል መጥሪያ ትርጉሙ ላይ 2020 ተብሎ ካልተጻፈ፣ ዳኛው የሰባት ዓመት አሮጌ ወረቀት አድርጎ ያነበዋል፤ አዲስ ማስረጃ መሆኑም ቀረ። ከመላካችሁ በፊት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቀኑን አብረን እንቀይራለን።