የተጣበቀው ምሰሶ

ባለፈው ጥር የታላቅ እህቴ ልጅ ከጀርመን መጥቶ ላንጋኖ ሰንብቶ ነበር። በሸራ የሚነዳውን፣ ዊንድሰርፊንግ የሚሉትን የውሃ ላይ ጨዋታ ይወዳል። ሐሙስ ማታ ጎፋ እኛ ቤት በር ላይ አንድ ሚኒባስ ቆመ። ከጣሪያው ላይ ከፊትም ከኋላም ተርፎ የታሰረ ጥቁር ቱቦ አየሁ። የሸራው ምሰሶ ነው፤ የድሮ መጻሕፍት ደቀል የሚሉት። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ30። ሲመጣ ለሁለት ተከፍሎ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሲመለስ ግን አልለያይ አለ።

«ጋሼ፣ በረራዬ ቅዳሜ ማታ ነው። እንዲህ ሆኖ አይጭኑልኝም» አለኝ። ቀጥሎ ዋናውን ነገር ተናገረ፦ «ደግሞ የኔ አይደለም፤ የጓደኛዬ ነው።»

ምሰሶው የተሠራው ከካርቦን ፋይበር ነው። የአንደኛው ግማሽ አንገት ቀጠን ብሎ ሌላኛው ግማሽ ውስጥ ይገባል፤ ያለ ብሎን፣ ያለ ማጣበቂያ፣ በልኩ ብቻ ይያዛል። ላንጋኖን ያየ ሰው ውሃው ቡናማ መሆኑን ያውቃል። ያ ቡናማነት የደቀቀ ደለል ነው። ደለሉ በመጋጠሚያው ስንጥቅ ገብቶ፣ ደርቆ፣ ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል።

እኛም ማንም ሰው የሚያደርገውን አደረግን፤ ጎተትን። እኔ ባንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል፣ ኋላም ዘበኛው ተጨምሮ። ምሰሶው እኛን አንዱን ወደ አንዱ ከመጎተት በቀር ምንም አልሆነም። ጎረቤታችን መዶሻ ይዞ ብቅ አለ፤ ልጁ ግን አላስጠጋውም። ማለዳ ላይ ሁለታችንም እጃችን ተልጦ፣ ምሰሶውን በትከሻችን ተሸክመን ወደ ጎፋ ማዞሪያ ወረድን። መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያየናል። ምሰሶ ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ክፍለ ከተማችን ንፋስ ስልክ የሚለውን ስም ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው ከድሮው ጣቢያ ነውና።

መካኒኩ ሽማግሌ ናቸው። ልጁ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ጂራቱቦ ሲያይ አዩት።

«በዚያ ከያዝከው ይሰነጠቃል። ይሄ ብረት አይደለም» አሉ። ቀጥለውም «ማነው የገጠመው?»

«እኔ።»

«ስትገጥመው አንገቱን ጠርገኸዋል?»

ዝም አለ።

«ስትገጥመው እንደምትፈታው አላሰብክም ማለት ነው» አሉና ውሃ እንዲጣድ አዘዙ። ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ ድረስ ምሰሶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዳስሱ ቆዩና ሳቅ ብለው፣ «የአክሱሙንም ስንት ዘመን አይነካም፣ ይሰበራል ሲሉን ነበር እኮ» አሉ።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ። ስለ አክሱም ሐውልት መወሰድና መመለስ ብዙ ተብሏል። በመሀል ስላለው ሥራ፣ ስለ መለያየቱ፣ ግን ብዙ አይወራም። ሐውልቱም እንደ ልጁ ምሰሶ የተገጠመ ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአክሱም በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኘው ከጎበድራ የድንጋይ ማውጫ የወጣው ይህ ሐውልት መጀመሪያ አንድ ወጥ ድንጋይ ነበር፤ ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ወደ 150 ቶን። ጣሊያን አክሱም ሲገባ ግን ወድቆ፣ ተሰባብሮ ተኝቶ ነው ያገኘው። ስብርባሪው በጭነት መኪና ምጽዋ ድረስ ተጓዘ፤ አምስት ምልልስ፣ ሁለት ወር ፈጀ። መጋቢት 18 ቀን 1929 በመርከብ ኔፕልስ ደረሰ። ከዚያ ሮም ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ቆመ፤ የቆመውም ጥቅምት 18 ቀን 1930 ነው።

ቀኗን ልብ በሉልኝ። ሙሶሎኒ ሥልጣን የያዘበት የሮም ጉዞ 15ኛ ዓመት የሚከበርባት ቀን ናት። ወደቡ ላይ ከደረሰበት ቀን አንስቶ ሰባት ወር ብቻ ነበራቸው። ስለዚህ ለበዓሉ እንዲደርስ ተሰብሮ የመጣውን ድንጋይ በብረት ዘንግ ሰፍተው፣ በሲሚንቶ አጣብቀው አቆሙት። የቆመው የኢጣሊያ አፍሪካ ሚኒስቴር ፊት ለፊት ነበር። ያንን የገጠሙት ሰዎች አንድ ቀን የሚፈታው ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡም፤ የሚያስቡበትም ምክንያት አልነበራቸውም። ግዛቱም፣ ሚኒስቴሩም፣ ሐውልቱም ለዘላለም የተገጠሙ መስሏቸው ነበር።

ግዛቱ አራት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም። የሚኒስቴሩን ሕንፃም ከጊዜ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ገባበት። ሐውልቱ ብቻ እዚያው ቀረ።

የካቲት 3 ቀን 1939 የተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዛል። 18ቱ ወር 58 ዓመት ሆነ። በመሀሉ ያልተነሳ ሰበብ የለም፦ ገንዘቡ፣ መንገዱ፣ ጦርነቱ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ድንጋዩ ራሱ ሰበብ መደረጉ ነው። ተሰባሪ ነው፣ ከተነካ ይጎዳል ተባለ። ተሰባሪ ያደረገው ማን ሆነና! ሰፍተው ያቆሙት እነሱው፣ ስፌቱ እንዳይተረተር ብለው የሚሰጉትም እነሱው። እርግጥ ስጋቱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ ብረት ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋል። ግን ይህ ቶሎ ለመፍታት እንጂ ላለመፍታት ምክንያት አይሆንም።

አዲስ አበባ ላይ እነ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ሳይታክቱ ወተወቱ። በ1989 ሁለቱ መንግሥታት እንደገና ተስማሙ። ብዙም ሳይቆይ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሆነና ነገሩ ተንጠለጠለ። ቪቶሪዮ ስጋርቢ የተባሉት የኢጣሊያ የባህል ምክትል ሚኒስትር ደግሞ በግልጽ አይመለስም ባይ ነበሩ። ከዚያ ግንቦት 1994 ሮም ላይ መብረቅ ወረደና ሐውልቱን መትቶ ጫፉን ጎዳው። እዚህ አገር ይህን በቴክኒክ ብቻ የተረጎመ ሰው ጥቂት ነው። እናቴ ዜናውን ስትሰማ አማትባ «ተቆጣ» አለች፤ ማን እንደተቆጣ አልጠየቅናትም። ሮምም ላይ ቢሆን እዚያ ደህና ተጠብቆ ይኖራል የሚለው ወግ ከዚያ በኋላ አላዋጣም።

መለያየቱን የመራው የሮማው ላ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆርጆ ክሮቺ ነው። ሐውልቱ ከላይ እስከ ታች በብረት መወጣጫ ተከበበ፣ ታቀፈ። ሥራው ድንጋዩን መቁረጥ ሳይሆን የጥንቱን ስብራት ፈልጎ የ1930ውን ሲሚንቶና ብረት ማስለቀቅ ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 1996 የመጀመሪያው፣ የላይኛው ክፍል ወረደ፤ የቀሩት ሁለቱም ተከተሉ። ልብ በሉ፤ ከ50 ዓመት በላይ አይሆንም የተባለው ሥራ ጥቂት ሳምንት ነው የፈጀው።

ከዚያስ? ከዚያማ የልጁ ጣጣ መጣ፤ በምን ይጫናል? በየት ይሄዳል? የሄደበት የምጽዋ በር ተዘግቷል። ከአዲስ አበባ ወደ አክሱም ያለው መንገድና ድልድይ እንዲያ ያለ ሸክም አይችልም። የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያም አጭር ነው ተባለ። ሦስቱ ክፍሎች ሮም አውሮፕላን ጣቢያ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ከዓመት በላይ ተኙ። በመጨረሻ አንቶኖቭ 124 የሚባለው ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አመጣቸው። ሚያዝያ 11 ቀን 1997 በማለዳ ቀድሞ የደረሰው የመሀለኛው ክፍል ነው፤ ሌሎቹ በ14 እና በ17 ቀጠሉ። እናቴ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ እልል አለች። ድንጋይ ታቅፎ ሲወርድ ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ ማየት ለኔ ያኔ ግራ ነበር፤ 20ዎቹ ውስጥ ነበርኩ፣ ሁሉን አውቃለሁ በምልበት ዕድሜ።

ማንቆርቆሪያው ፈላ። ሽማግሌው ልጁን ውስጠኛውን ግማሽ፣ እኔን የውጪውን ጫፍ አስያዙን። ተንሸራታች እንዳይሆንብን የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪያ ቆርጠው ጠመጠሙልን። (ካላማዳሪያ፣ ጂራቱቦ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፦ ጣሊያን ሐውልቱን ወስዶ ቃላቱን ትቶልን ሄደ። እነዚህን ማንም መልሱ አላለንም።) የፈላውን ውሃ የውጪው ቱቦ ላይ፣ ልክ መጋጠሚያው ላይ ብቻ፣ ቀስ እያሉ አፈሰሱ። ውስጠኛውን አንገት በቀዝቃዛ ጨርቅ ጠቀለሉት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ውጪው ሞቆ ትንሽ ይሰፋል፣ ውስጡ ቀዝቅዞ ባለበት ይቆያል፣ ውሃው ደግሞ ደለሉን ያርሰዋል።

«አትጎትቱ። አዙሩ። አንተ ወደ ቀኝ፣ አንተ ወደ ግራ።»

የመጀመሪያው ማንቆርቆሪያ አለቀ፣ ምንም። ሁለተኛው አለቀ፣ ምንም። ልጁ ሰዓቱን አየ። እስከዚያው ለሽማግሌው የማውቀውን ነገርኳቸው፦ አክሱም ላይ ሐውልቱ ሲተከል፣ ሰኔ ላይ ተጀምሮ ሐምሌ 24 ቀን 2000 የመጨረሻው ክፍል ሲቀመጥ፣ በዚህኛው ጊዜ መጋጠሚያው ላይ ብረት አልገባም። ኬቭላር ከሚባል ጠንካራ ክር የተሠሩ ስምንት ዘንጎች ናቸው የያዙት፤ ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ አራት አራት። አይዝጉም፣ መብረቅ አይጠሩም፣ የመሬት መንቀጥቀጥም እንዲችሉ ታስበዋል። ነሐሴ 29 ቀን፣ ሚሊኒየሙ ሊያልቅ የአንድ ሳምንት ዕድሜ ሲቀረው፣ ተመረቀ።

«ክር?» አሉ ሽማግሌው። «150 ቶን በክር?»

«ጥይት የማይበሳውን ልብስ የሚሠሩበት ክር ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ማንቆርቆሪያ መሀል እጄ ውስጥ አንዳች ነገር ሸርተት አለ። መጀመሪያ እጄ የተንሸራተተ መስሎኝ ነበር። ልጁ «ዞረ! ዞረ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ጥፍር የማታህል ዙር ናት፤ ሽማግሌው ግን ውሃ ማፍሰሱን አላቆሙም፣ «ቀጥሉ፣ መልሱት፣ ደግሞ አዙሩት» ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ምሰሶው ጠርሙስ ሲከፈት የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰምቶ ተላቀቀ። ከውስጡ የላንጋኖ ቡናማ ውሃ ጋራዡ ወለል ላይ ፈሰሰ።

ሽማግሌው አንገቱን በጣታቸው ዳስሰው፣ ስንጥቅ አለመኖሩን አረጋግጠው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉት። ልጁ እፎይ ብሎ፣ በደስታ፣ ልኩን ለማየት ይሆን ከልማድ፣ ሁለቱን ግማሽ አንስቶ መልሶ ሊገጥማቸው ጫፍ ለጫፍ አስጠጋ።

እጁን ጠብ አደረጉት። «ተው! ጀርመን ስትደርስ!»