ተዝካር አውጪ ለሌላቸው ሙታን፤ የእልቂት መታሰቢያ ቀን በአይሁድ ማኅበረሰቦችና በኢትዮጵያ

በጎጃምም ሆነ በጎንደር አንድ ሰው ካረፈ በኋላ ቤተ ዘመዱ ሦስት ነገሮችን አጥብቆ ይይዛል፤ የሟቹን ስም፣ ያረፈበትን ቀንና ተዝካሩን የሚያወጣውን ሰው። በጸሎት የሚጠራ ስም ከሌለ፣ ሙት ዓመቱ የሚቆጠርበት ቀን ካልታወቀ፣ ድግሱን ደግሶ ጎረቤቱን የሚጠራ ልጅ ወይም ወንድም ከታጣ፣ ተዝካር የሚባል ነገር አይኖርም። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ቤተ ዘመድ ያዝናል። ሦስቱም በአንድነት ሲጠፉ ግን የሚያዝን ቤተ ዘመድ ራሱ የለም ማለት ነው።

የዘር ማጥፋት ወንጀል የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ድረስ ይዘልቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የናዚ ጀርመን መንግሥትና ግብረ አበሮቹ 6 ሚሊዮን ያህል አይሁዶችን ሲገድሉ አያትን ከልጅ ልጅ፣ ሙሽራን ከሚዜ፣ ሟችን ከአልቃሽ ሳይለዩ ነበር። መንደሩ በሙሉ በአንድ ቀን በተገደለበት ስፍራ ቀኑን መዝግቦ የሚያስቀር ሰው አልተረፈም። በጋዝ ታፍነው የተቃጠሉት ደግሞ መቃብር እንኳ አላገኙም። ፖላንዳዊው አይሁድ የሕግ ሊቅ ራፋኤል ሌምኪን ለዚህ ወንጀል በ1944 እ.ኤ.አ. የተለየ ስም ያወጣለት፣ በነባሮቹ የሕግ ቃላት ሊገለጽ የማይችል መሆኑን በመረዳቱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የዘር ማጥፋትን ወንጀል ለመከላከልና ለመቅጣት የተዘጋጀውን ስምምነት ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. አጸደቀ። ስምምነቱን በመጀመሪያ ተቀብላ ያጸደቀችውም አገር ኢትዮጵያ ነበረች፤ ቀኑ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ይህንኑ ወንጀል በአንቀጽ 281 ደነገገ።

ሕግ ወንጀለኛውን ይቀጣል። ለሟቹ ተዝካር ማውጣት ግን የሕግ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ከጦርነቱ የተረፉት አይሁዶች ከገጠሟቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ያረፉበት ቀን ለማይታወቅ ሙታን የትኛው ቀን ይሰጥ የሚል ነበር። በአይሁድ ሥርዓት ልጅ የወላጁን ሙት ዓመት ቀን ጠብቆ ሻማ ያበራል፤ ካዲሽ የተባለውንም ጸሎት ያደርሳል። ይህ ጸሎት አሥር ሰዎች ካልተሰበሰቡ አይደርስም። በቃላቱም ውስጥ ሞት አይጠቀስም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የፈጣሪ ምስጋና ነው። እንግዲህ የአባቱ ሙት ዓመት ቀን የማይታወቅ ልጅ መቼ ይጸልይ? የእስራኤል ዋና ረቢዎች ለዚህ ጥያቄ ቴቬት የተባለውን ወር 10ኛ ቀን በመልስነት ሰጡ። ይህ ቀን የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን የከበበበት መታሰቢያ በመሆኑ ከጥንት ጀምሮ ይጾማል። አዲሱም ኀዘን ከአሮጌው ኀዘን ጋር ተዳበለ።

የአገሪቱ ምክር ቤት የመረጠው ቀን ግን ሌላ ነበር። በ1943 እ.ኤ.አ. በዋርሶ ከተማ ታጥረው የነበሩ አይሁዶች በጀርመን ጦር ላይ መሣሪያ ያነሡት በፋሲካቸው ዋዜማ፣ ኒሳን 14 ቀን ነው። መታሰቢያው ከዚህ ዐመፅ ጋር እንዲያያዝ የሚፈልጉ ብዙዎች ነበሩ። በበዓል ዋዜማ ኀዘን መያዝ ስለማይቻል ግን ምክር ቤቱ በ1951 እ.ኤ.አ. ፋሲካው ካለፈ በኋላ ያለውን ኒሳን 27ን ወሰነ፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዕለቱን በሕግ አጸናው። ዕለቱ የእልቂትና የጀግንነት መታሰቢያ የሚል ስም ተሰጠው። በዚህም ሁሉም አልተስማማም። ጥብቅ የሃይማኖት ወገኖች ኒሳን የደስታ ወር ነው፤ ሙሾ አይወርድበትም በማለት ሙታናቸውን በነባሮቹ የጾም ቀኖች ማሰብን መርጠዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በበኩሉ የሶቪየት ጦር በ1945 እ.ኤ.አ. የአውሽዊትዝን ማጎሪያ ነፃ ያወጣበትን ጃንዋሪ 27 ቀን ለዓለም ሁሉ መታሰቢያ እንዲሆን በ2005 እ.ኤ.አ. ወሰነ። እነዚህ ሦስት ቀኖች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያስቀድማሉ፤ የመጀመሪያው ጸሎትን፣ ሁለተኛው ተጋድሎን፣ ሦስተኛው ነፃ መውጣትን።

የኒሳን 27 አከባበር በአይሁድ የቀን አቈጣጠር መሠረት ከዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራል። በኢየሩሳሌም ያድ ቫሼም በተባለው መታሰቢያ ተቋም ለ6 ሚሊዮኑ ሟቾች ምሳሌ የሆኑ 6 ችቦዎች ይለኮሳሉ። መዝናኛ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ሰንደቅ ዓላማም ዝቅ ብሎ ይውለበለባል። በማግሥቱ ከረፋዱ በ4 ሰዓት የአደጋ ጥሪ ደወል በአገሩ ሁሉ ለ2 ደቂቃ ሲነፋ መኪና ነጂው ከመኪናው ወርዶ፣ ነጋዴው ሚዛኑን ትቶ፣ ተማሪው ከወንበሩ ተነሥቶ በዝምታ ይቆማል። ከእስራኤል ውጭ በሚኖሩ ማኅበረሰቦች ዘንድ ደግሞ በየምኵራቡ 6 ሻማዎች ይበራሉ፤ ካዲሽ ይደርሳል፤ ከእልቂቱ የተረፉ አረጋውያን ለወጣቶች ያዩትን ይናገራሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የስሞቹ ንባብ ነው። ሰዎች ተራ በተራ ቆመው የሟቹን ስም፣ ዕድሜውንና የተገደለበትን ስፍራ ያነባሉ፤ ንባቡ ሰዓታት ይፈጃል። ያድ ቫሼም የሚለው ስያሜ ከትንቢተ ኢሳይያስ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው መታሰቢያና ስም ማለት ነው። ተቋሙ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምስክርነት ገጽ የተባለ አንድ ቀላል ቅጽ ለሕዝብ ሲያድል ኖሯል። ቅጹ የሟቹን ስም፣ የወላጆቹን ስም፣ የትውልድ ስፍራውን፣ ሥራውንና የሞተበትን ቦታ ይጠይቃል። አንድ የአጎት ልጅ ወይም አንድ የቀድሞ ጎረቤት ቅጹን ሞልቶ ይፈርማል። በዚህና በልዩ ልዩ የጽሑፍ ማስረጃዎች አማካይነት ከ4.8 ሚሊዮን የሚበልጡ ስሞች ተሰብስበዋል። ገዳዮቹ በቁጥር የለወጡትን ሰው እንደ ገና በስሙ ለመጥራት የሰው ዕድሜ የሚያህል ጊዜ ፈጅቷል።

ይህ ታሪክ ከአዊ ምድር የራቀ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ያ ጦርነት በዳንግላና በእንጅባራም አልፏል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጌዴዎን ጦር የተባለው፣ ስሙን ከመጽሐፈ መሳፍንት ያገኘው ሠራዊት ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር በጎጃም ሲገፋ የጣልያን ጦር እነዚህን ስፍራዎች ለቅቆ ወጣ። አዛዡ እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት ለአይሁዶች ጉዳይ ባለው ወዳጅነት የታወቀ ነበር። ጸሐፊው አብርሃም አካቪያም ከፍልስጥኤም ምድር የመጣ አይሁዳዊ ነው።

ሌላው ዝምድና ከዚህ የጠለቀ ነው። በጎንደርና በትግራይ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል የቀድሞ ቋንቋቸው ከአገው ቋንቋዎች ወገን ነበር። በግእዝ በሚያደርሱት ጸሎትም ውስጥ የአገውኛ ሐረጎች ተጠብቀው ቆይተዋል። በእነርሱም ዘንድ የሙታን መታሰቢያ የሚጠራው ተዝካር ተብሎ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩት ከመንደራቸው ተነሥተው፣ ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን እየተደበቁ ወደ ሱዳን በእግር ሄዱ። ዓላማቸው ኢየሩሳሌም መግባት ነበር። በበረሃ ውኃ ጥምና ሽፍታ፣ በገዳሪፍ አካባቢ እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች ረሀብና ተስቦ ጠበቃቸው። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. የሙሴ ዘመቻ በተባለው ምስጢራዊ የአውሮፕላን ጉዞ ከ7,000 እስከ 8,000 የሚደርሱት እስራኤል ገቡ። ወደ 4,000 የሚጠጉት ግን በመንገድና በመጠለያ አለቁ።

የእነዚህ ሰዎች አሟሟት ከዘር ማጥፋት ጋር አንድ አይደለም፤ ሁለቱን ማደባለቅም ለሁለቱም ሙታን ፍትሕ አይሆንም። ይሁን እንጂ ለሐዘንተኛው የተረፈለት ጥያቄ ተመሳሳይ ነበር። በመጠለያው ውስጥ አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ ይጠነቀቁ ስለነበር ሙታናቸውን በግልጽ በሥርዓታቸው ማልቀስ አልቻሉም። እናት ልጇን በማታውቀው አሸዋ ቀብራ ሳይነጋ መንገዷን ቀጠለች። መቃብሩን ምልክት የሚያደርግ፣ ቀኑንም የሚጽፍ አልነበረም።

እስራኤል የገቡት ቤተሰቦች ለእነዚህ ሙታን አንድ የጋራ ቀን ጠየቁ። የተመረጠው ቀን የኢየሩሳሌም ቀን የሚባለው ኢያር 28 ነው፤ ሟቾቹ የሞቱት ወደዚያች ከተማ ሲጓዙ ነውና። መታሰቢያቸው ቀድሞ በራማት ራሔል ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. በሄርጽል ተራራ የኢትዮጵያን ገጠር ጎጆ የሚያስታውስ ሐውልት ተመርቆ የመንግሥት ሥነ ሥርዓት የሚካሄደው በዚያ ሆኗል። ቄሶች በነባሩ ዜማ ይጸልያሉ፤ ቤተሰቦች ስሞችን ያነሣሉ። በዚያው ቀን ሌላው የከተማዋ ነዋሪ የ1967ቱን እ.ኤ.አ. ድል ያከብራል። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወገን ጭፈራ፣ በሌላው ወገን ለቅሶ ይሰማል። ቀን ማግኘት ብቻ በቂ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል፤ ቀኑን ከባለቤቱ ጋር አብሮ የሚይዝ ጎረቤትም ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያስ? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ የፋሺስት ጦርና ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ለሦስት ቀን የአዲስ አበባን ሕዝብ ፈጁ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ሲል፣ ከታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ከዚህ ያነሰ የሚገምቱ አሉ። ዕለቱ በየዓመቱ በስድስት ኪሎው ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን እየተቀመጠ ይታሰባል። እንግዲህ ቀኑ አለ፤ አስታዋሹም አገር ነው። የጎደለው ስም ነው። በቁጥሩ ላይ ይህን ያህል ልዩነት የኖረው ሟቾቹ በየስማቸው ተመዝግበው ባለመገኘታቸው ነው።

በእንጅባራ ደግሞ የተለየ ነገር ይታያል። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በዐድዋና በአርበኝነት ዘመን የተዋደቁትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ ጣልያን ገና ከአገር ሳይወጣ ነው። መታሰቢያውን የሚጠብቀው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ፈረሱን ሸልሞ የሚመጣው ገበሬ ለመምጣት የማንንም ትእዛዝ አይጠብቅም። ማኅበሩ በሠርግና በለቅሶ፣ የተጣላ በማስታረቅም የሚያገለግል በመሆኑ መታሰቢያው ከዕለት ኑሮ ጋር ተሳስሮ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል።

ከሰባቱ ቤቶች አንዱ መተከል ይባላል። በዛሬው የመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለው ቀበሌ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ አስታውቋል። በዞኑ በተደጋጋሚ በደረሰው ጥቃት ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የተወለዱ ሰዎች ሞተዋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችም በአዊ ምድር በቻግኒ አቅራቢያ ተጠልለው ከርመዋል። ድርጊቱ በሕግ ምን ተብሎ እንደሚጠራ መወሰን የዳኞች ፈንታ ነው። የሟቹን ስም፣ የወላጆቹን ስም፣ የመንደሩንና ያረፈበትን ቀን መጻፍ ግን ዳኛ አያስፈልገውም። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዕድርና ትምህርት ቤት ባሉበት ሁሉ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ሊሠራው ይችላል።

የአይሁድ ማኅበረሰቦች ልምድ የሚያስተምረው ይህንን ነው። በቀኑ ምርጫ አልተስማሙም፤ ዛሬም በሦስት ልዩ ልዩ ቀኖች ሙታናቸውን ያስባሉ። ስሞቹን ከመሰብሰብ ግን አላቋረጡም። የምስክርነቱን ቅጽ የሚሞላው ሟቹን በዐይኑ ያየ ሰው ነው፤ እርሱም ያረጃል። ቀኑን በኋላ የሚመጣ ትውልድ ሊወስነው ይችላል። የስሙ ሥራ ግን የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ ካልተሠራ በኋላ የሚሠራው አይገኝም።