የስልክ አፕዴት፦ ምን እንደሚለውጥ፣ ለምን እንደሚዘገይ፣ መቼ እንደሚያልቅ

‹‹አዲስ አፕዴት አለ›› የሚለውን መልእክት ‹‹በኋላ›› ብሎ ማለፍ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ዳታ ይበላል፣ ቦታ ይይዛል፣ ደግሞ ‹‹ደህና የሚሠራ ስልክ ለምን እነካለሁ?›› የሚል ፍርሃትም አለ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ግን አፕዴት ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ መለየቱ ይጠቅማል። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ትልቁ አፕዴት የሲስተሙን ቁጥር የሚቀይረው ነው፤ ለምሳሌ ከአንድሮይድ 14 ወደ 15። መልኩ ይቀየራል፣ አዳዲስ ነገሮች ይገባሉ፣ ብዙ ጊዜም በጊጋባይት የሚቆጠር ዳታ ይፈልጋል። ትንሹ ደግሞ ሴኩሪቲ ፓች ነው። እሱን ጭናችሁ ስልኩን ስትከፍቱ ምንም የተለወጠ ነገር አታዩም፤ ሰው የሚንቀውም ለዚህ ነው። ዋናው ግን እሱ ነው።

ለምን? በ2015 ስቴጅፍራይት የተባለ ክፍተት አንድሮይድ ላይ ተገኘ። ስልኩ ቪዲዮ የሚያነብበት ክፍል ላይ የነበረ ስህተት ነው። አጥቂው የስልክ ቁጥራችሁን ብቻ ካወቀ፣ በኤምኤምኤስ በላከው ቪዲዮ፣ እናንተ ምንም ሳትከፍቱ ስልኩ ውስጥ የሚገባበት ዕድል ነበረው። ጎግል በየወሩ ሴኩሪቲ ፓች ማውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ በነሐሴ ወር ነው። አይፎንም አላመለጠም፦ በመስከረም 2023 አፕል አይኦኤስ 16.6.1ን በጥድፊያ ያወጣው፣ ፔጋሰስ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ያለ ምንም ክሊክ የሚገባበትን ቀዳዳ ለመድፈን ነበር። ያገኙት ቶሮንቶ ያለው ሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፓች ሲወጣ ቀዳዳው የት እንደነበረ ለዓለም ሁሉ ይነገራል። ስለዚህ አፕዴት ያላደረገው ስልክ ከፓቹ በፊት ከነበረው የባሰ ተጋላጭ ይሆናል፤ በሩ የት እንዳለ ሌባውም አውቋል። ቴሌብርና የባንክ አፕ የያዘ ስልክ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ታዲያ ለምን ለጓደኛችሁ ደርሶ ለእናንተ ይዘገያል? አፕል ስልኩንም ሲስተሙንም የሚሠራው ራሱ ስለሆነ ለሁሉም በአንድ ቀን ይለቃል። አንድሮይድ ግን ረጅም መንገድ አለው፦ ጎግል ይጽፈዋል፣ ቺፕ ሠሪው (ኳልኮም ወይም ሚዲያቴክ) ያስማማዋል፣ ከዚያ የስልኩ አምራች የራሱን ገጽታ ይጨምርበትና ለእያንዳንዱ ሞዴል ይፈትሻል። ጎግል በ2017 ከአንድሮይድ 8 ጋር ‹ፕሮጀክት ትሬብል› ብሎ ይህን ሥራ ለማቅለል ሞክሯል። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ደግሞ አንዳንድ የሲስተም ክፍሎች አምራቹን ሳይጠብቁ በቀጥታ ከጎግል ይመጣሉ። ሴቲንግ ውስጥ ‹ጎግል ፕሌይ ሲስተም አፕዴት› የሚለው እሱ ነው፤ ካያችሁት ቆይቶ ከሆነ ግቡና ንኩት።

የማለቂያው ነገር ደግሞ በተለይ ያገለገለ ስልክ ለምትገዙ ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው ሞዴሉ ገበያ ላይ ከወጣበት ቀን እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። ጋላክሲ ኤስ9 በ2018 ወጣ፣ በ2022 ድጋፉ ቆመ። ዛሬ አንዱን ‹‹እንደ አዲስ ነው›› ተብላችሁ ብትገዙ፣ ዕቃው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ፓች ግን አይመጣለትም። ፒክስል 8 እና ጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ቃል ተገብቶላቸዋል። አይፎን 5ኤስ በ2013 ወጥቶ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ የሴኩሪቲ አፕዴት አግኝቷል። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ አንድሮይዶች ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚሰጣቸው፤ ስለ ካሜራው ሜጋፒክስል ከመጠየቅ በፊት ስለዚህ መጠየቅ ይሻላል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ እዚያ ለሚሸጡ አዳዲስ ሞዴሎች፣ ሽያጩ ከቆመ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት አፕዴት እንዲቀርብ ደንግጓል።

ድጋፉ ያበቃ ስልክ በማግስቱ አይሞትም። ቀስ በቀስ አፖቹ ናቸው የሚተዉት። ዋትስአፕ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ከአይኦኤስ 15.1 በታች አይሠራም፤ አይፎን 5ኤስ፣ 6 እና 6 ፕላስ የቀሩት እንዲህ ነው። ታብሌት ላይም ያው ነው፤ እንዲያውም ቤት ውስጥ ለልጆች የተሰጠውን ታብሌት አፕዴት የሚያደርግለት ሰው የለም።

‹‹አፕዴት ስልክ ያዘገያል›› የሚለውስ? ከፊሉ እውነት ነው። አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ፍጥነት በአፕዴት ይቀንስ እንደነበር በታኅሣሥ 2017 አምኗል። ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ ፈረንሳይ ደግሞ በ2020 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። ምክንያቱ ሲታይ ግን ችግሩ ያረጀ ባትሪ ነበር፤ ባትሪው ሲቀየር ፍጥነቱም ይመለሳል። ከአፕዴት በኋላ ባለው አንድ ሁለት ቀን የሚታየው መሞቅና ቻርጅ ቶሎ ማለቅ ደግሞ ስልኩ ፋይሎቹን እንደገና ሲያደራጅ የሚመጣ ነው፤ ወዲያው አትፍረዱ።

በእኔ አስተያየት ሴኩሪቲ ፓች እንደመጣ ይጫን። ትልቁን አፕዴት ግን አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቆ የሌሎችን ቅሬታ ማየት ነውር የለውም፤ አንዴ ከተጫነ ወደ ኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው፣ አይፎን ላይ ደግሞ አፕል የድሮውን ብዙም ሳይቆይ ይዘጋዋል። ከመጫናችሁ በፊት ፎቶና ኮንታክት ባክአፕ አድርጉ፣ ዋይፋይ ፈልጉ፣ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን።

በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ ሊንክ ‹‹የስልክዎ አፕዴት›› ተብሎ የሚላክ ፋይል አፕዴት አይደለም። እውነተኛው የሚመጣው በሴቲንግ በኩል ነው። እዚያው ‹አባውት ፎን› ውስጥ አንድሮይድ ቨርዥን የሚለውን ስትነኩ የመጨረሻው ሴኩሪቲ ፓች ቀን ይታያል። ቀኑ ከዓመት በላይ ካለፈና አዲስ ካልመጣ፣ የባንክ አፑን ወደ ሌላ ስልክ ማዛወር ነው።